ሰባት ሰዓት የተባለው በረራ

ባሌ ወዳለበት ጀርመን ለመሄድ ንፋስ መውጫን የለቀቅሁ ዕለት ገና ጎህ ሳይቀድ ሁላችንም ደጅ ቆመን ነበር። የባሕር ዳር መንገድ ተከፍቷል የሚል ወሬ ስለመጣ፣ ተመልሶ ሳይዘጋ ብለን ተጣደፍን። ጤና ጣቢያ የምሠራበት ነጭ ጋውን ከገመድ ላይ ሳላወርደው ቀረ።

እማዬ የፈራችው ግን አውሮፕላኑን ነው።

«ሰማይ ላይ ስንት ትቆያለሽ?» አለችኝ።

እህቴ ትርንጎ ስልኳን ነካ ነካ አድርጋ፣ «ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰባት ሰዓት ይፈጃል ይላል» አለች።

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ሳቁ። «እዚሁ አጠገባችን ያለችው ወገዳ ከተማ እንኳ በእግር ውሎ አዳር ነው። ይኼማ ቅርብ ነው!»

እማዬ አልሳቀችም። «ሰባት ሰዓት ካለፈስ?»

«ኧረ እማዬ! እንደወረድሁ እደውላለሁ።»

ምነው ባልተናገርሁ። ያቺን ቃል እንደ ስለት ያዘቻት።

መንገዱ ደህና ነበር፤ በረራውም እስከ መጨረሻው ደህና ነበር። ልናርፍ ዝቅ ስንል በመስኮቱ የማየው ሁሉ ነጭ ሆነ። የጉና ተራራ ጉም እንዲህ ነው፤ ግን እዚያ ቢያንስ እግር መሬት ይረግጣል። ደረስን ስል ሞተሩ አጓርቶ ሽቅብ ተመነጨቀ። ሕፃናት ጮኹ፤ ድምፅ ማጉያው በማላውቀው ቋንቋ ተናገረ።

«ምን አሉ አባባ?» አልኳቸው ከጎኔ ያሉትን አዛውንት።

«ጉሙ አላሳርፍ አለን። ሌላ አገር እንወርዳለን።»

«የት?»

«እሱንማ አብራሪው ይወቀው፣ ልጄ።»

ድርሳነ ሚካኤል በቃሌ ጀመርሁና መሐል ላይ ጠፋኝ።

የወረድንበትን ከተማ ስሙን እንኳ ሰምቼው አላውቅም። የኢሚግሬሽኑ ሰው ፓስፖርቴን አገላብጦ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ወዴት ነሽ?» አለኝ።

«ፍራንክፈርት።»

«ይኼ ፍራንክፈርት አይደለም።»

«እኔም እሱን ነው የምለው!»

«ታዲያ ለምን እዚህ መጣሽ?»

«አመጡኝ እንጂ መች መጣሁ!»

ሳይስቅ ወንበር አሳየኝ። ሲም ካርዴ አይሠራም። ዋይፋዩ በስልክሽ ኮድ እልካለሁ ይላል፤ የማይሠራው ስልኬ ኮድ ከየት ያምጣ? ሰባቱ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። እማዬ ምን እያለች ይሆን?

ለካ ፍራንክፈርት የሚጠብቀኝ ባሌ ደሳለኝ ወደ ቤት ደውሎ ኖሯል። «አውሮፕላኑ አልመጣም» ሲል ኔትወርኩ ተቆረጠ። ለእማዬ ያ በቂ ነበር። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተቀመጠች፤ ጎረቤቱ ተሰበሰበ።

በመጨረሻ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ዓይኔን አይታ የራሷን ስልክ ሰጠችኝ። ትርንጎ ድምፄን ስትሰማ ጮኸች። የጮኸችው በደስታ ነው፤ ቤቱ ግን መርዶ መስሎት በለቅሶ ቀለጠ። እማዬ ስልኩን ተቀበለች።

«ማን ነሽ?»

«እኔ ነኝ እማዬ፣ ሙሉነሽ! በሕይወት አለሁ።»

«የልጄን ድምፅ አስመስላችሁ አትሸንግሉኝ።»

«እኔ ነኝ እኮ!»

«የክርስትና ስምሽ ማን ነው?»

«ወለተ ሥላሴ።»

ከዚያ በቀስታ፣ «ካለሽ ተመለሽ» አለችኝ። ስልኩን ለጽዳት ሠራተኛዋ መለስሁላት።

አሁን ፍራንክፈርት ከደሳለኝ ጋር ነኝ፤ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ጠዋት ጠዋት ጉም ሲወርድ ከቤት መውጣት ያስፈራኛል። እሑድ እሑድ እደውላለሁ። እማዬ እንደምን አደርሽ አትለኝም፤ መጀመሪያ የክርስትና ስሜን ትጠይቀኛለች። እነግራታለሁ። አምናኝ ይሁን፣ ሳታምነኝ፣ አላውቅም።