አልጠፋም ያለው የአባቴ አምፖል

ትናንት ጠዋት እናቴ ከመርሳ ደወለችልኝ። ሰላምታው እንኳን በቅጡ ሳያልቅ... «የመኝታ ቤቱ መብራት አልጠፋም ብሏል፤ መጥተህ እየው» አለችኝ።

«ማብሪያ ማጥፊያው ተበላሽቶ ይሆናል እማዬ።»

«እሱስ ደህና ነው። ሳጠፋው ይጠፋል። ግን... አይጠፋም።»

ወልድያ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። እንዲህ ዓይነት ነገር ከደንበኛ ስሰማ ስለምውል ብዙም አልገረመኝም። ዕቃዬን በቦርሳ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሲሪንቃን ስናልፍ አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ አባቴን ያውቁት ኖሮ «ነፍስ ይማር» አሉኝ። «አሜን» አልኩና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ቀጠልኩ።

የአባቴ አርባ ገና መውጣቱ ነው። ከቀብሩ ጀምሮ አላለቀስኩም። ጠንካራ ስለሆንኩ አይደለም፤ አይመጣም። ሰው ነፍስ ይማር ሲለኝ አሜን እላለሁ፣ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። በቃ ድንዝዝ ብያለሁ።

ቤት ስደርስ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለዋል። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ጀመሩኝ።

«የአባትህ ነፍስ እኮ ነው! ቤቱ ጠበል ይረጭ ብላት እምቢ አለችኝ።»

«ኧረ እትዬ... ጠበሉን ብቻ ግድግዳው ላይ እንዳይረጩት» አልኩ።

መኝታ ቤቱ ገብተን መስኮቱን ዘጋግቼ መብራቱን አጠፋሁት። እውነትም አምፖሉ አልጠፋም። አመድ የለበሰ ፍም መስሎ ደብዘዝ ብሎ ይበራል። እትዬ ዘነቡ «ይኸውልህ!» ብለው አማተቡ።

ቴስተሬን አምፖሉ የሚታሰርበት ላይ ሳስነካው የቴስተሩ መብራት በራ። ማጥፊያው ጠፍቶም ኤሌክትሪኩ እዚያ ድረስ አለ ማለት ነው። ማጥፊያው የሚቆርጠው ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ መሆን ሲገባው መመለሻውን ነው እየቆረጠ ያለው። አምፖሉ ኤልኢዲ ስለሆነ በምትሾልከው ትንሽ ኃይል ይደበዝዛል። ጠፍቷል ብሎ የነካው ሰው ወዮለት። እናቴ ደግሞ ቤት ባጸዳች ቁጥር አምፖሉን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ድንኳኑ ከተነሣ ወዲህ።»

ያኔ ገባኝ። ለልቅሶው ድንኳን መብራት የእድር ልጆች መስመር የሳቡት ከዚህ ክፍል ነበር። እኔ ጋቢ ለብሼ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጫለሁ። አንዱ ሽቦውን በጥርሱ ሲልጥ፣ ሌላው በባዶው ሲጠመዝዝ አያለሁ። አላስችል ብሎኝ ስነሣ አጎቴ በጋቢዬ ጎትቶ አስቀመጠኝ።

«ቁጭ በል! ሐዘንተኛ ሽቦ ሲቀጥል የት አገር ታየ? ሰው ምን ይለናል?»

ቁጭ አልኩ። ግቢው ውስጥ የነበረው አንድ ኤሌክትሪሺያን እኔ ነበርኩ፤ ሥራ የተከለከልኩትም እኔ። እውነቱን ልንገራችሁና ከልቅሶው በደንብ የማስታውሰው ያን መሸፈኛ ናስትሮ ያልተጠቀለለበት ሽቦ ነው። ከአባቴ ሣጥን ይልቅ እሱ ነው ዓይኔ ላይ ያለው። ድንኳኑ ሲነሣ ልጆቹ መስመሩን መልሰው ሲቀጥሉ አገላበጡት። በፍቅር ነው የሠሩት፣ እግዜር ይስጣቸው... ግን ገልብጠው ነው የሠሩት።

ይህንን ሳስረዳ እትዬ ዘነቡ ቅር አላቸው። «በቃ ሽቦ ነው?» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ስትሠራው ጭራሹን ይጠፋል?»

«አዎ።»

«ባይሠራስ?»

«አንድ ቀን ስትወለውይው ይገድልሻል እማዬ።»

«አባትህ መብራት ካልበራለት አይተኛም ነበር። እኔ ደግሞ በብርሃን እንቅልፍ አይወስደኝም። ዕድሜ ልካችንን በዚህ ስንነታረክ ኖርን። ድንኳኑ የተነሣ ለታ አጥፍቼ ጋደም ስል ይኼ ነገር... ኧረግ፣ ይኼ ሰውዬ አሁንም እልሁን አልተወም ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ እሱን እያየሁ ይወስደኛል» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን ጠራሽኝ?»

«ዘነቡ ቄስ ልታመጣ ነው። ቄስ ከሚያባርረው ልጁ ይየው ብዬ ነዋ።»

እጄ ላይ ያለውን ቴስተር ሳገላብጥ ቆየሁና «የማታ መብራት እገጥምልሻለሁ። ልክ እንደዚህ ደብዘዝ የሚል... ምንም የማያደርግሽ» አልኳት።

«ያንተን መች ፈለግሁ? የሱን ነው እንጂ» አለች። ከዚያ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። «ሥራው ልጄ። ሁለተኛ ሐዘን አንችልም።»

ቆጣሪው ጋ ሄጄ ብሬከሩን አወረድኩ። ኃይል አለመኖሩን በቴስተር አየሁ። ቅጥያውን ፈትቼ ሽቦዎቹን በየቦታቸው መለስኩ፣ በናስትሮ ጠቀለልኩ። ብሬከሩን መልሼ ሳነሣና መብራቱን ሳበራው በራ። ሳጠፋው ድርግም አለ።

እናቴ አምፖሉን ቀና ብላ አየችውና «በቃ» ብላ ወደ ማድቤት ሄደች። እኔም ዕቃዬን ሰበሰብኩ። አሁንም እንባ የለም። ደረቴ እንደተኙበት ክንድ ደንዝዞ የኔ አልመስል ብሎኛል።

ማምሻውን ወልድያ ገባሁ። ቀጥታ መኝታ ቤቴ ገብቼ መብራቱን አበራሁ... አጠፋሁ... ቆሜ አምፖሉን መጠበቅ ጀመርኩ። የዚህን ቤት መስመር የዘረጋሁት ራሴ ነኝ፤ እንከን የለበትም። ጨለማው ውስጥ ብቆይ ብቆይ ምንም የለም።

ሥራ ከጀመርኩ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምነው ገልብጬ በሠራሁት ኖሮ አልኩ።