የመክሊት ሰባት ቤት

እንዳላማው መሳፍንት ወፍጮ ወቃሪ ነው። ከሉማሜ እስከ አምበር፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ዲማ ባሉ ወፍጮ ቤቶች ድንጋዩ ለስልሶ እህል አላደቅ ሲል የሚጠራው እሱ ነው። መዶሻና መሮውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ድንጋዩን አስወርዶ ሲወቅር ይውልና ፀጉሩም ቅንድቡም ነጭ ሆኖ ማርቆስ ቤቱ ይመለሳል። ገና አርባ ሁለት ዓመቱ ሲሆን መክሊት በር ላይ ተቀብላ «ሽማግሌው መጡ!» እያለች ትቀልድበታለች።

መክሊት የእንጀራ ልጁ ናት። ይህን ቃል እሱ ፊት አንድ ጊዜ ያነሣ ሰው ሁለተኛ አያነሣውም። እናቷን ማሬን ሲያገባ ልጅቱ ሦስት ዓመቷ ነበር። ወላጅ አባቷ ጌታሰው ክርስትና እንኳ ሳትነሣ፣ እናቷ ገና አራስ ሳለች፣ «መተማ ሰሊጥ አጭጄ እመለሳለሁ» ብሎ የወጣ ነው። ሰሊጡ አሥራ ሦስት ጊዜ ታጨደ፤ ሰውየው አልተመለሰም።

እንዳላማው ልጅቱን አንደኛ ክፍል ሊያስመዘግብ የሄደ ቀን መዝጋቢዋ «የአባት ስም?» ስትለው «እንዳላማው» አለና አረፈው። ሳላስበው ነው ይበል እንጂ፣ አስቦበት እንደሄደ ማሬ ታውቃለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም ምንም አላለም። ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ግን ለፈተናው የልደት ሰርተፍኬት ተጠየቀ። ሰርተፍኬቱ «መክሊት ጌታሰው» ይላል። ርእሰ መምህሩ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ወይ ስሟ እንደ ሰርተፍኬቱ ይሁን፣ ወይ የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጡ አላቸው። መክሊት ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ወርውራ፣ «ያንን ስም ከምጽፍ ፈተናው ይቅርብኝ» አለች።

እንዳላማው የፈራው ፈተናውን ብቻ አልነበረም። ነገ ማሬ አንድ ነገር ብትሆን፣ በሕግ ፊት እሱ ለዚች ልጅ ማን ነው? በመንገድ እንደሚያልፍ ሰው መሆኑ ነው። ይህ ሐሳብ ሥራ ላይ እንኳ እየመጣበት ጣቱን በመዶሻ መታ።

ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ የሚጽፈው ጸጋው ነገሩን አስረዳው። ጉዲፈቻ ያደርጋታል። ወላጅ አባት ካለ ፈቃዱ ይጠየቃል፤ የገባበት ካልታወቀ ግን የእናቲቱ ፈቃድ ይበቃል። «‹ልጄ የገባበት አይታወቅም› ብለው የሰውየው አባት ቢመሰክሩማ ነገሩ አለቀ» አለው። «አሉ?»

አሉ። የጌታሰው አባት አያ ውበቱ ዲማ አጠገብ ያርሳሉ። እንዳላማው ሁለት ሽማግሌ ለምኖ፣ ማሬንና መክሊትን ይዞ ሄደ። አያ ውበቱ ሁሉንም እስከ መጨረሻው አዳመጡና መክሊትን ወደ ራሳቸው ጠሯት።

«ሰባት ቤትሽን ቁጠሪልኝ እስቲ» አሏት።

በዚህ አገር ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጌጥ አይደለም። ልጅ ሳያውቅ የሥጋ ዘመዱን እንዳያገባ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ እስከ ሰባት ይጠራል። የሚያስተምረውም አባት ነው።

መክሊት ቀጥ ብላ ቆመች። «እንዳላማው፣ መሳፍንት፣ አስማማው፣ ደመላሽ...» እያለች ሰባቱንም አንድ ሳትስት ጨረሰች።

እንዳላማው ጥፋቱ ያኔ ገባው። ያስተማራት እሱ ነበር። ዱቄቱን ከፀጉሩ ላይ እያራገፈችለት፣ እየሳቀች ነው ያጠናችው። አባት ይህን ያስተምራል ብሎ የራሱን ቤት አስቆጠራት። ልጅቱ የአያ ውበቱ ቤት አጥንት መሆኗ፣ ነገ ለጌታሰው የአጎት ልጅ ብትታጭ «ተይ፣ ዘመድሽ ነው» የሚላት እንደሌለ አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎት አያውቅም።

«ጎበዝ ናት» አሉ አያ ውበቱ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ኸኔ ቤት ግን አንድ ሰው አልጠራችም። እዚህ ተቀምጬ ሞቻለሁ ማለት ነዋ። በሉ በሰላም ግቡ።» ተነሥተው ወደ በረታቸው ሄዱ። መክሊት ምን እንዳጠፋች አልገባትም፤ መንገዱን ሙሉ እያለቀሰች ተመለሰች።

በሚቀጥለው እሑድ እንዳላማው ብቻውን ዲማ ወረደ። አያ ውበቱ አጥር እየጠገኑ ነበር።

«አሁንስ ምን ቀረህ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጅቱ ምንም የለባት። ቤትዎን ያስቆጥሩኝና እኔ ላስተምራት።»

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ሁለት ስም ብቻ ሰጡት። «ጭንቅላትህ እንደ ወፍጮህ ካልተወቀረ ብዙ አይዝም። የቀረውን ስትመለስ።» እሱም ተመለሰ። አራት እሑድ ተመላለሰ። ስሙ ብቻ አልነበረም የሚሰጠው፤ አንዱ በመሬት ክርክር ስሙ የገነነ ሰው ነበር፣ አንዱ በስተርጅና መንኩሶ ዲማ ገዳም የገባ። እንዳላማው በመንገድ ላይ እየደጋገመ ይዞ ሲገባ መክሊት ደብተሯን ይዛ ትጠብቀዋለች። መጀመሪያ ከንፈሯን ጣለች፤ የመነኮሰው ሰውዬ ላይ ስትደርስ ግን «ከዚያስ?» አለች። የመጨረሻውን ስም የሰጡት ቀን አያ ውበቱ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኙትና «ቀጠሮው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁት።

በቀጠሮው ቀን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ማርቆስ ደረሱ። ጸጋው በር ላይ «የገባበት አይታወቅም ካሉ ይበቃል» ብሎ ሹክ አላቸው። መጽሐፍ ይዘው ማሉ።

«ልጅዎ ያለበት ይታወቃል?» አለች ዳኛዋ።

አያ ውበቱ የጨበጡትን መጽሐፍ አዩት። ማሬ የእንዳላማውን ክንድ ያዘች።

«ይታወቃል» አሉ። «መተማ ነው። አግብቶ ወልዷል። በየበዓሉ ይደውልልኛል።»

አለቀ፣ አለ እንዳላማው በልቡ። አራት እሑድ የተመላለሰበት መንገድ ሁሉ ከእግሩ ሥር የተነጠቀ መሰለው።

«ለእናትየዋ ነግረዋታል?»

«አልነገርኩም። አፈርኩ። መጽሐፍ ጨብጬ ግን አልዋሽም።»

«ሲደውል ስለ ልጁ ምን ይላል?»

«ስለ በሬዎቹ ይጠይቀኛል፤ ስለ ዝናቡ ይጠይቀኛል። ስለሷ አንድ ቀን አልጠየቀኝም። አሁን ይጠይቀኛል እያልሁ እጠብቃለሁ፤ ስልኩ ይዘጋል።»

ማሬ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለራሷ ይሁን ለሽማግሌው እሷም አታውቀውም።

ዳኛዋ ለጌታሰው መጥሪያ እንዲደርሰው አዘዘች። ደረሰው፤ ፈርሞ ተቀበለ፤ በቀጠሮው ግን አልቀረበም። አባት ፈቃዱን ባይሰጥም፣ ልጅቱ ከአሥር ዓመት በላይ ከሆነች ሕጉ ይፈቅዳልና ዳኛዋ የእናቲቱንና የራሷን ቃል ሰማች። «ሁለቱንም ቤት እቆጥራለሁ» አለች መክሊት፤ «አባቴ ግን እሱ ነው።» ውሳኔው ተነበበ። ጌታሰው በልጅቱ ላይ የነበረው የአባትነት ሥልጣን ቀርቶ፣ እንዳላማው በጉዲፈቻ አባቷ ሆነ።

ለውሳኔውም የመጡት አያ ውበቱ እጃቸውን አወጡ። «እኔስ? አያቷ መሆኔ ይቀራል?»

«የሥጋ ዝምድናዋ አይቋረጥም፣ አባቴ» አለች ዳኛዋ።

ውጭ ሲወጡ እናትና ልጅ የውሳኔውን ግልባጭ ለመቀበል ወደ መዝገብ ቤት ሄዱ። አያ ውበቱ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን አወጡ። «ከሌላ ሰው አፍ አይስማው» አሉና ደወሉ። ከወዲያ «አባየ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌው «አንተው ንገረው» አሉና ስልኩን ለእንዳላማው ሰጡት።

«ሄሎ» አለ እንዳላማው።

«ማን ልበል?»

«የመክሊት አባት ነኝ።» ቃሉን አልዋጠውም። «ዛሬ ተወስኗል። አባትህ እንድትሰማው ብለው ነው።»

እንዳላማው ስልኩ የተዘጋ መስሎት ከጆሮው አውርዶ አየው። አልተዘጋም።

«ደህና ናት?» አለ ጌታሰው።

የሽማግሌው ስልክ ድምፁ ከፍ ያለ ነውና አያ ውበቱ ሰሙ። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

«ደህና ናት» አለ እንዳላማው።