ዘይነባ ተብዬ ጅቡቲ ላይ

ከመካኒሳ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው፤ ሰዓት እላፊ ሳይገባ ለገሃር መድረስ ነበረብኝ። የጸሎት ቤታችን ታሽጎ፣ አብረውኝ የሚዘምሩት ሁሉ እየተለቀሙ ሲታሰሩ፣ ጎረቤቴ ዘይነባ የቀበሌ መታወቂያዋን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «እኔ ጠፋብኝ እላለሁ፤ ፎቶው እንደሆነ ማንንም አይመስልም» አለችኝ። አብረን ነው ያደግነው፣ መልካችንም ይቀራረባል። ለእናቴ ግን የመታወቂያውን ነገር አልነገርኳትም። ቢጠይቋት እንዳትዋሽ ብዬ፣ ድሬዳዋ ዘመድ ጥየቃ እሄዳለሁ አልኳት። ነጠላዋን ደርባልኝ የሰፈራችን ድልድይ ድረስ ሸኘችኝ።

በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያ ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ጋር በእግር ጅቡቲ። አቤት ሙቀቱ! እናንተ አዲስ አበባ ያላችሁ ክረምቱ በዛ ብላችሁ ስታማርሩ እኔን እዚህ ዝናብ የመታው የላፍቶ ማሳ ሽታ ይናፍቀኛል። ዳቦው ባጌት ይባላል፤ ርዝመቱ የክንድ ያህል ነው፣ ግን ሆድ አይሞላም።

ዘይነባ ነኝ ብያቸው ክፍል ያከራዩኝ እትዬ ኸዲጃ ድሬዳዋ የኖሩ ሶማሊ ናቸው፤ አማርኛ ይችላሉ። በመጀመሪያው ቀን ሩዝ በሥጋ አቀረቡልኝ። እኛ ጴንጤም ብንሆን እንደ ሰፈሩ ክርስቲያን ሁሉ ሙስሊም ያረደውን አንበላም፤ የዘይነባ ቤተሰቦች እንኳ ለዒድ ሲጠሩን ለእኛ ለብቻው ያሳርዱልን ነበር። ዘይነባ እንጂ እኔ አይደለሁም የምበላው ብዬ ራሴን አታለልኩና እጄን ሰደድኩ። ታዲያ ከልማዴ ዓይኔን ጨፍኜ «በኢየሱስ ስም፣ አሜን!» ብዬ ቁጭ!

እትዬ ኸዲጃ ጉርሻቸው አየር ላይ ቀረ። «ዘይነባ፣ ይሄ ደግሞ የየት አገር ዱዓ ነው?»

«የመካኒሳ» አልኳቸው።

ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም። እንዲያውም አንድ ቀን ጣሪያ ወደሌለው ሲኒማ ወሰዱኝ። ፊልሙ በፈረንሳይኛ ነው፤ እሳቸው በጆሮዬ ይተረጉሙልኛል። ዓለም ተቃጥሎ አልቆ፣ አንድ ሰው አመድ ውስጥ ይነቃል፤ ማን እንደሆነ አያውቅም። የተረፉት ሰዎች እያንዳንዳቸው በሌላ ስም ይጠሩታል። አንዱ ሐኪማችን ነበርክ ይለዋል፣ ሌላው ከተማውን ያቃጠልከው አንተ ነህ ይለዋል። በመጨረሻ የራሱ ቤት የመሰለው በር ላይ ደርሶ ሲያንኳኳ፣ በሩ ሳይከፈት ፊልሙ አለቀ።

«ስሙስ?» ብዬ ጮህኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ከእሳት ከተረፈ ስሙ ምን ያደርግለታል?» አሉኝ እትዬ ኸዲጃ። እኔ ግን ተናደድኩ። ያ ሰው ምን ብሎ ሊኖር ነው?

በማግስቱ የስደተኞች ቢሮ ተጠራሁ። ወደ ሌላ አገር የሚሻገር እዚያ ይመዘገባል፤ የተመዘገበ ስም አይለወጥም። በእውነተኛ ስሜ አስቴር ነኝ ብል የያዝኩት መታወቂያ የሰው ነው፤ ውሸታም ብለው ወደ ድንበር ይመልሱኛል። ዘይነባ ነኝ ብል እስክሞት ዘይነባ ነኝ፤ እናቴም አስቴር የምትባል ልጅ የላትም ማለት ነው።

«ስም?» አለኝ ፈረንጁ መዝጋቢ፣ ሙሴው፣ በአስተርጓሚ። የነጠላዬን ጫፍ ቋጠርኩ፣ መልሼ ፈታሁ።

«ስምሽን እኮ ነው፣ ሒሳብ አልጠየቅንሽም» አለ አስተርጓሚው።

«ሁለት አለኝ።»

«እዚህ ለአንድ ሰው አንድ ብርድ ልብስ ነው የሚታደለው። አንዱን መርጠሽ ነገ ነይ።»

በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ!

ፖስታ ቤት ሮጥኩ። ሰፈራችን ያለው ጋራዥ ስልክ ስላለው እናቴን አስጠራኋት። ድምጿን ስሰማ «እማዬ» ልላት ነበር፤ ግን መስመሩን ማን እንደሚያዳምጥ አይታወቅም።

«ዘይነባ ነኝ» አልኳት።

«የቷ ዘይነባ? ዘይነባማ ይኸው አጠገቤ ቆማለች!»

እንዴት ብዬ ላስረዳት? ይሄኔ ዘይነባ ስልኩን ተቀበለቻት።

«ዘይነባ፣ እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ፣ በገዛ ስሟ እየጠራችኝ።

«ደህና ነኝ። ነገ ሊመዘግቡኝ ነው፤ የቱን ስም ልበል? አጠገብሽ ያለችውን ጠይቂልኝ።»

ከጀርባዋ እናቴ «ማን ናት? ንገሪኝ እንጂ፣ ማን ናት?» ትላለች። ዘይነባ ስልኩን ከአፏ አርቃ አንድ ስም ነገረቻት፤ የቱን እንደሆነ አልሰማሁም። እናቴ ጮኸች። እልል ትበል ታልቅስ ሳልለይ መስመሩ ተቋረጠ።