የእድሩ ዝርዝር ያለበት ዲስክ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን የወጣሁ ለታ ገና ጎህ አልቀደደም። ባሕር አልተሻገርኩም፤ መንደራችን ሲፈርስ አይሱዙ ላይ ከዕቃዬ ጋር ተጭኜ አያት ኮንዶሚኒየም ወረድኩ። የምትስቁ ሳቁ፤ እኔ ግን ስደት ነው የምለው። ለማፍረስ የመጡት ልጆች «አባባ፣ ይረጋጉ፣ ዕቃዎ አይነካም» ብለውኝ ነበር። ተረጋጋሁ። ቁምሳጥኔ ግድግዳው ስር ቀረ።

የአያት ንፋስ አቧራ እንጂ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ አይሸትም። እዚያ ዳገቱን ስወጣ በየበሩ «እንዴት አደራችሁ» እያልኩ አርፍ ነበር፤ እዚህ አራተኛ ፎቅ እስክደርስ የሚያሳርፈኝ ሰላምታ የለም። የግቢው ዘበኛም ወር ሙሉ አላመነኝም።

«ወዴት ነዎት?»

«ቤቴ።»

«ማንን ፈልገው?»

«ራሴን።»

የእድራችን ዳኛ ስለሆንኩ ማን ወዴት እንደተበተነ፣ ከነስልኩ፣ በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል፣ በአንድ ጣት ኮምፒውተር ላይ ጽፌያለሁ። ሌላ ቦታ የለም። ያ ዝርዝር ከጠፋ አንዳችን ብንሞት ለቀብር የሚጠራ የለም። ኮምፒውተሩ ግን አረጀ፤ አብርቼው ቁርሴን በልቼ ስመለስ ገና ያስባል። ሳጥኑን በፎጣ ጠቅልዬ፣ በባቡር ጉርድ ሾላ ወሰድኩት።

ኮምፒውተር ሠሪዋ ሰናይት ትባላለች። «አባባ፣ ያረጀው ዲስኩ ነው። ኤስኤስዲ የሚባል አዲስ ፈጣን ዲስክ እናስገባለትና ሲስተሙን እሱ ላይ እንጫን» ብላ ከብስኩት የማይወፍር ነገር አሳየችኝ።

«እሺ። መጀመሪያ ዝርዝሬ ያለበትን አሮጌውን አውጪልኝ።»

«አሮጌው እኮ አይነካም። እንደተሰካ ይቀመጣል።»

«እኔም ‹አይነካም› ተብዬ ነው ቁምሳጥን የሌለኝ። አውጪው።»

«ሥራ እያራዘሙብኝ ነው።»

«ጡረተኛ ነኝ፤ አልቸኩልም።»

ነቅላ ሰጠችኝ፤ ኮቴ ኪስ ከትቼ በእጄ ያዝኩት። ሲስተሙ ያለበትን ፍላሽ ሰክታ አስነሳችው። ምንም ሳይጠይቅ መጫን ጀመረ። ሰናይት ወንበሯ ላይ ቀና አለች።

«ምነው?»

«የትኛው ዲስክ ላይ ልጫን ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ፍላሹን ያዘጋጀው ባልደረባዬ ነው። ለካ ሳይጠይቅ መጀመሪያ ያገኘውን ጠርጎ ነው የሚጭነው።»

«አሮጌው ቢኖር መጀመሪያ የቱን ያገኝ ነበር?»

ኪሴን አየችው። «እሱን።»

ከዚያ በኋላ ወንበር ሰጠችኝ።

ኮምፒውተሩ አሁን መነጽሬን አድርጌ ሳልጨርስ ይከፈታል። ውስጡ ግን እንደ አዲሱ ቤቴ ነው፤ ንጹሕ፣ ባዶ፣ የማያውቀኝ። ገና ሲበራ ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ ዘበኛው ትዝ አለኝ። ሰናይት ዝርዝሩን ከአሮጌው ገልብጣልኛለች። አሮጌውንም አልጣልኩት፤ ትራሴ ስር ነው።

ቁጥሮቹ ይሠሩ እንደሆን ልይ ብዬ ዝርዝሩ ራስ ላይ ወዳሉት የድሮ የአጥር ጎረቤቴ እትዬ አሰገደች ደወልኩ።

«ማን ሞተ?» አሉኝ፣ ሰላምታም ሳያስቀድሙ።

«ማንም አልሞተም። ኮምፒውተሬን አሳድሼ ነው።»

«ነጠላዬን አዘቅዝቄ ጨረስኩ እኮ።»

«ያስተካክሉት።»

«እሺ... ማንም ካልሞተ ምን እናውራ?»

ስልኩን ግን ሁለታችንም አልዘጋነውም።