ስምንት ኪሎ ከነቦርሳዋ

ሰው አየር መንገድ የሚመርጠው በዋጋው፣ በሚፈቅደው ሻንጣ ወይም በምግቡ ነው። እኔ የመረጥኩት በድመት ነው።

ታናሽ እህቴ ሮም ናት። በወጣትነቷ ሄዳ እዚያው አረጀች። ባሏ ሞቷል፣ ልጅም የላትም። እኔም ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጡረታዬና ከድመቴ ጋር እኖራለሁ። «ነይና አብረን እናርጅ» ማለት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። በመጨረሻ ወረቀቱ ሁሉ አልቆ ቪዛው ተመታልኝና ትኬት መቁረጥ ብቻ ቀረ። ያኔ ነው በስልክ «ያለ ድመቴ አልመጣም» ያልኳት።

«ለድመት ብለሽ እህትሽን?» አለችኝ።

«አዎ፣ ለድመት ብዬ» አልኩና ዘጋሁት። ማስረዳት ድሮም አልወድም።

እዚህ ግን ላስረዳ። የሠራሁት መዝገብ ቤት ነው፤ ዕድሜዬን ከፋይል ጋር ነው ያሳለፍኩት። ፋይል ደግሞ መልስ አይሰጥም፤ እኔም ጠባዬ ወደዚያው ሄደ። ወደዚህ ሕንፃ ስገባ መጀመሪያ ላይ ከጎረቤት ጋር ደህና ነበርን። በኋላ ኮሪደሩን አጥበው ውሃውን ወደኔ በር ሲለቁት ተናገርኩ፤ መናገር ብቻ ሳይሆን ጮህኩ። እነሱም ወደ ኋላ አላሉልኝም። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ «ደህና አደሩ» እንባባላለን፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለንም። ለቡና ሲጠሩኝ ሰበብ እፈጥር ነበር፤ ሰበብ ሲበዛ ደግሞ መጥራቱም ቀረ። ድመቷ የመጣችው በአንዱ ክረምት፣ ደረጃው ላይ ዝናብ ያበሰበሳት ግልገል ሆና ነው። ስም አላወጣሁላትም፤ «አንቺ» ነው የምላት፣ ትሰማለች። ቀኑን ሙሉ ከአፌ የወጣው ቃል ሁሉ ለእሷ የተነገረ ብቻ የሆነበት ቀን ብዙ ነው። እሷን ትቼ ብሄድ ድምፄም እዚህ የሚቀር ይመስለኝ ነበር። ብቸኝነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

እናም ቦርሳዬን አንጠልጥዬ፣ ታክሲ እየቀያየርኩ በየአየር መንገዱ ቢሮ መዞር ጀመርኩ። የመጀመሪያው በቀጥታ ይበራል፤ ማታ ተሳፍሮ ጠዋት ሮም መውረድ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ ትሁት ናት። «ማዘር፣ እንስሳ ከተሳፋሪ ጋር አይገባም። በጭነት ክፍል ነው የምትሄደው» አለችኝ።

«ጨለማ ነው?»

«እሱን አላውቅም፣ ማዘር።»

ከፍሪጅ ድምፅ የምትበረግግ ድመት ከሻንጣ ጋር ስትጫን ታየኝና ተነሥቼ ወጣሁ። ሁለተኛው በዐረብ አገር በኩል የሚያልፍ ነው። እዚያ ደግሞ ጭልፊት ከባለቤቱ ጋር ወንበር ላይ መቀመጥ ይችላል፣ ድመት ግን አትችልም ተባልኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ልጅ የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም። «ጭልፊት ብትሆንልኝ ኖሮ ራሷ በራ በሄደች ነበር» ብዬው ሄድኩ።

ሦስተኛው መንገዱ ያታክታል። መንገድ ላይ ሌላ አገር ወርዶ ለረጅም ሰዓት መጠበቅ አለ፤ ለጉልበቴም ለወገቤም የሚሆን አልነበረም። ነገር ግን ድመት ከሰው ጋር ትገባለች። ከፊት ወንበር ሥር፣ በወንፊት ጨርቅ በተሠራ አየር በሚያስገባ ቦርሳ ውስጥ ሆና፣ ስምንት ኪሎ ከነቦርሳዋ። ይህን ስሰማ «በቃ፣ የኔ አየር መንገድ ይሄ ነው» አልኩ። ክፍያውን ለኋላ ትቼ ቦታ ሳስይዝ ልጁ የመቀመጫ ምርጫዬን ሲጠይቀኝ እንኳ «ለእሷ የሚመቸውን» ነው ያልኩት።

ቤት እንደደረስኩ ድመቷን ታቅፌ አትክልት ቤት ወረድኩ። የሱቁ ባለቤት፣ አባቷ አሁን ሕንፃዎቻችን የቆሙበትን መሬት ያርሱ የነበሩ ሴት ናት፤ ከብት ማየት ታውቃለች። ድንቹን ከሚዛኑ አውርዳ ድመቷን አስቀመጠችልኝ። ሰባት ኪሎ ተኩል። ቦርሳው ብቻውን ከኪሎ በላይ ነው።

«እትዬ፣ ምን ሲያበሏት ነው እንዲህ የሆነችው?» ብላ ሳቀች። «ደግሞ ድመት ወደ ሌላ ቤት ሲወስዱ መንገዱን እንዳታይ በጆንያ ነው። በሚያሳይ ቦርሳ ካደረጓት መንገዱን ይዛ ትመለሳለች።»

«ከሮም?»

«ድመትን አያውቋትም» አለችኝ፤ ከልቧ ነው የምትናገረው።

ጎፋ ያለው የእንስሳት ሐኪም ከቆዳዋ ሥር መለያ ቁጥር የያዘች ቺፕ አስገባላት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወጋት፣ ቆይቶም ደም ወስዶ ውጭ አገር ላከ። ውጤቱ ደህና ቢሆንም ደሙ ከተቀዳ ጀምሮ ሦስት ወር መጠበቅ ግድ ነው፤ የአውሮፓ ሕግ ነው አለኝ። እኔ ግን መጠበቁን ወደድኩት። ዐቢይ ጾም በመሃል ይገባል። ልኳንዳ ቤቶቹ ይዘጋሉ፣ እኔም ቤት ወተትና ሥጋ አይገባም፤ ሁዳዴ ሲፈታ ድመቷ ቀልላ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ገብታ ትገኛለች። ዕቅዴን ስነግረው ሐኪሙ ደነገጠ። «እናቴ፣ ድመት አትጾምም፣ ትታመምብዎታለች። የድመት ምግብ ይግዙና መጠኑን ትንሽ ይቀንሱላት» አለኝ። እሺ አልኩት። የታሸገውን ምግብ በማንኪያ እየሰፈርኩ እሰጣት ጀመር፤ ፍርፋሪና ቁራጭ ግን በሁዳዴ ሕግ ተከለከለ።

ድመቷ ምንም አላማረረችም። ሳህኗን ታሸትታለች፣ ግማሹን ትታ ትሄዳለች። «አየሽ፣ አንቺም እንደኔ ትችይዋለሽ» እላታለሁ። በጾሙ ማታ ማታ ሁለታችንም በልተን ሳንጠግብ ጎን ለጎን ስንቀመጥ ደስ ይለኝ ነበር። በሕይወቴ ከኔ ጋር የጾመልኝ ሰው አልነበረም።

የጾሙ አጋማሽ ላይ አትክልት ቤት ወርደን ተመዘነች። ስምንት ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ሴትየዋ ሚዛኑን መታ መታ አደረገችና «እርጉዝ ናት እንዴ?» አለች። ገና ትንሽ ሳለች ያስመከንኳት ናት። የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቼ እንደ ሁልጊዜው በሩን ገርበብ አደረግሁላትና ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልኳት።

ደረጃውን ወረደች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካሉት ሙስሊሞች በር ፊት ቆማ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች። በሩ ተከፈተ። በሩ ሥር ሳህን ነበር፤ የተከተፈ ጉበት ነው። ሳትቸኩል በላች። ቀጥላ እዚያው ኮሪደር ጫፍ ላይ ወዳሉት፣ ሕፃን ወዳላቸው ፕሮቴስታንት ባልና ሚስት ቤት ሄደች፤ ልጁ የተወው የእንቁላል ትራፊ ይጠብቃት ነበር። ከዚያ ወደ ጥበቃው ዳስ ወረደች። ሁሉም በየራሱ ባወጣላት ስም ይጠራታል፤ ለሁሉም ትሰማለች። ሁዳዴው የገባው እኔ ቤት ብቻ ኖሯል።

ደረጃው ላይ ቆሜ የተሰማኝ ቅናት ነበር፤ በዚህ ዕድሜ በድመት መቅናት። ወደ ሦስተኛ ፎቅ ተመልሼ በሩን አንኳኳሁ። ልጣላ ነበር።

«ውይ፣ እትዬ!» አለች የቤቱ እናት፤ ሻሿን እያስተካከለች። «ይግቡ፣ በሞቴ ይግቡ።»

ይህን ሁሉ ዓመት ከራሷ በላይ ስኖር ቤቷን አይቼው አላውቅም። የኔው ቤት ነው፤ ሳሎኑ በዚያው ቦታ፣ መስኮቱም በዚያው ቦታ፤ ልዩነቱ ሰው አለበት። ሻይ አቀረበችልኝ፤ ለኔ ብላ ያለ ወተት። ስለ ሦስተኛው አየር መንገድ፣ ስለ ስምንት ኪሎው፣ ስለ ሁዳዴው ነገርኳት። እስክታነባ ሳቀች። «ይቅር ይበሉን፣ እትዬ! እኛ እናወፍራለን፣ እርስዎ ያስጾማሉ።» የዚያኛው ቤት ባልና ሚስትም ሳቁን ሰምተው መጡ። ስለ ሮም ሲሰሙ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ከእህት ጋር መሆን መታደል ነው» አሉኝ። ስለ ድመቷ ሲሰሙ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«እሷንስ ለምን ያንከራትቷታል? እኛ አለን አይደል? ትቅርልን» አለች ሚስትየው።

እኔ «እንኳን ደስ አለዎት» ተባልኩ፣ ድመቷ «ትቅርልን» ተባለች። ሻዬን አየሁ። ይሉኝታ ሆኖባት ይሁን ገብቷት አላውቅም፣ የቤቱ እናት ጉልበቴን ነካ አደረገችኝ። «እርስዎ ብቻዎን ነዎት። እኛ እኮ የእርስዎን ደህንነት የምናውቀው በእሷ ነው። ጠዋት ከመጣች እትዬ ተነሥተዋል፣ በር ከፍተዋል እንላለን።»

ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እኔ ለዓመታት ማንም አያውቀኝም ብዬ ስኖር፣ ከታች በየጠዋቱ መነሣቴን የሚያረጋግጡ ሰዎች ነበሩ። ወይስ የሚጠብቁት ድመቷን ብቻ ነው? ጉበቱ የተከተፈው ለእሷ ነው፤ እኔ በእሷ በኩል የምታወቅ ነኝ። ሁለቱን መለየት አቃተኝ፤ ካልለየሁ ደግሞ የትኛውን ትኬት እንደምቆርጥ አላውቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት በሩን አልከፈትኩም።

ድመቷ በሩን ቧጠጠች፣ ጮኸች፣ ዞራ አየችኝ። «ዝም በይ» አልኳት። ሶፋው ላይ ተቀምጬ ደረጃውን አዳመጥኩ። ሰዎች ወደ ሥራ ወረዱ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ወረዱ፣ ከሩቅ የታክሲ ረዳቶች «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲሉ ይሰማል። ከዚያ ጸጥ አለ። ሞቼ ብሆን አሁን ይኸው እንዲህ ነበር የሚሆነው እያልኩ እጠብቃለሁ።

ረፋዱ ላይ ተንኳኳ። ነጠላዬን እንኳ ሳልይዝ ሮጥኩ።

የሦስተኛ ፎቋ እናት ናት። ሳህኑን እንደያዘች ነው፤ ደረጃውን ሮጣ ስለወጣች ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ደህና ናት?» አለችኝ፣ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ ውስጥ እያየች። ድመቷ በእግሮቼ መሃል ሾልካ ስትወጣ አየቻትና ደረቷን ይዛ ተነፈሰች። «አልሐምዱሊላህ! ታመመች ብዬ ልቤ ወልቆ ነበር እኮ።» ጎንበስ ብላ ዳበሰቻት። ቀና ስትል ነው ፊቴን ያየችው። «እርስዎስ፣ እትዬ፣ ደህና አደሩ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። እንደ ደረጃ ላይ ሰላምታችን።

አልተቀየምኳትም። ደረጃውን ሮጣ የወጣችው ለምትወደው ነገር ነው፤ ድመቷን ያበላችው እሷ ናት፣ እኔን ማን ያብላኝ፣ በሬን ዘግቼ። ለመወደድ የሚወረደውን ያንን አንድ ፎቅ ድመቷ በየቀኑ ወርዳዋለች። እኔ አልወረድኩም። አሁን ልውረድ ካልኩ ደግሞ የምትጠብቀኝ እህቴ ናት፤ እሷም ሮም ውስጥ በሯን ዘግታ ተቀምጣለች፤ የሷን መነሣት ለሰው የምትናገር ድመት እንኳ የላትም።

በዚያው ሳምንት ወደ መጀመሪያው አየር መንገድ ሄድኩ፣ በቀጥታ ወደሚበረው። ያቺው ትሁት ልጅ ነበረች፤ አስታወሰችኝ። «ማዘር፣ ድመቷን በጭነት ክፍል እንላካት?» አለችኝ። «የለም፣ እሷ ለጎረቤቶቼ ትቀራለች፤ ብቻዬን ነኝ» አልኳት። ጣቷ ኮምፒውተሩን መታ መታ አደረገና አለቀ።

የምሄድበት ቀን ጠዋት ሻንጣዬ በሩ ሥር ቆሞ ነበር። ድመቷ ሻንጣውን አሸተተችና በሩ ፊት ተቀምጣ ጠበቀችኝ፤ እንደ ሁልጊዜው። በሩን ገርበብ አደረግሁላት።

«ሂጂ» አልኳት። «ተነሥታለች በያቸው።»