የነብሩ ቀበቶ

በስልሳዎቹ መጀመሪያ፣ ከቡሬ በታች በዓባይ በረሃ፣ ለአንድ ፈረንጅ የአውሬ ተመራማሪ አስተርጓሚና መንገድ መሪ ነበርኩ። ሰውየው አንድ ነብር በመርፌ አደንዝዞ፣ ራዲዮ ያለበት ቀበቶ አንገቱ ላይ አሰረለት፤ የት እንዳለ ራዲዮው በሚልከው ድምፅ ከሩቅ እናውቃለን።

አንድ ሰሞን ድምፁ ከአንድ ቦታ አልንቀሳቀስ አለ። ተከትለነው ስንሄድ ከአንድ ገበሬ ቤት ደረስን። ቀበቶው ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል። ፈረንጁ «ነብሩን ማን ገደለው?» ብሎ ተቆጣ፤ ተረጎምኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ለሐዘን ጠጉራቸውን የተላጩት አባወራ። «ልጄን ውኃ ልትቀዳ እንደ ወረደች በላብኝ። ይኼ ነገር ግን ምንድን ነው?»

«ነብሩ የት እንዳለ የሚነግረን ነው፣ አባቴ።»

ቀበቶውን አዩት፤ ከዚያ እኔን።

«ታዲያ ልጄን የበላት ለት ምን ነገራችሁ?»

ፈረንጁ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። ቋንቋው ጠፋብኝ።