በረኛዋ ኮሪን እና ሞላላዋ ኳስ

ኮሪን ሃቭሊክ የለጋቻት ኳስ አጥሩን ተሻግራ የአሰልጣኝ ፕሩዊትን መኪና መስታወት ስትሰብር፣ የሴቶቹ እግር ኳስ ቡድን በሙሉ በቆመበት ደረቀ። ፕሩዊት የትምህርት ቤታቸው የወንዶች የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኝ ነው። ዓርብ ማታ ጨዋታ ሲኖር ሱቁ ሁሉ በሚዘጋባት በዚያች የቴክሳስ ከተማ ደግሞ ከከንቲባው ይልቅ የሚፈራው እሱ ነው።

ኳሷን በብብቱ ሸጉጦ መጣ። «ማናት ይቺን የለጋችው?»

ሁሉም አንድ ላይ ወደ በረኛዋ ጠቆሙ።

«ኮች፣ በጣም ይቅርታ፣ መስታወቱን...»

«መስታወቱን ተይው። ከየት ሆነሽ ነው የመታሻት?»

«ከግቤ።»

ፕሩዊት ግቡን አየ፣ መኪናውን አየ፣ እንደገና ግቡን አየ። የእሱ ቡድን ኳስ መቺ፣ ሞላላዋን ኳስ በእግሩ ለግቶ ነጥብ የሚያስቆጥረው ልጅ፣ በዚያው ሳምንት ከድርቆሽ ክምር ላይ ወድቆ እግሩን ሰብሯል። «ነገ እኛ ጋ ነይ» አላት።

ሞላላዋ ኳስ ግን እንደ ክቧ የምትታዘዝ አልሆነችም። በመጀመሪያው ልምምድ ተጣማ በርራ፣ ዳር ላይ የሚለማመዱትን መለከት ነፊዎች በታተነቻቸው። ቦ የሚባለው ግዙፉ ተከላካይ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እሰይ! መለከት ውስጥ ማግባት ግን ነጥብ የለውም!»

«አንተ ስለቆምክ እኮ ነው፤ ኳሷ አንተን ዞራ ለማለፍ መንገድ ጠፋባት!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኛሞች ሆኑ።

የፈራው አባቷ ሌናርድ ነበር። በቋሊማ ቤቱ ለሽያጭ ያዘጋጀውን እየሰቀለ «በረኛ ሆነሽ ጣትሽን ሰበርሽ፤ አሁን ደግሞ አንገትሽ ቀረ?» አላት።

«አባዬ፣ መቺን መግጨት ክልክል ነው። ሕግ አለው።»

«ሕጉን ለእነዚያ በሬዎች ማን ያነብላቸዋል?»

ኮሪን ሞላላዋን ኳስ ስትለማመድ ሰንብታ በገባችበት የመጀመሪያው ዓርብ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሷን በሁለቱ ቋሚዎች መሃል አሳልፋ ቡድኗን በጥቂት ነጥብ አስመራች። ነጥብ ያስቆጠረ ቡድን ኳሷን መልሶ ለተጋጣሚው ስለሚለጋ፣ ቀጥሎ መለጋት ነበረባት። ለጋች። የተጋጣሚው ሯጭ ተቀብሎ አንዱን ሸወደ፣ ሌላውን ዘለለ፣ ቦን መሬት ላይ ዘርግቶት አለፈ። የመጨረሻውን መስመር ከረገጠ ድሉ የእነሱ ነው፤ ከፊቱ የቀረችው ደግሞ ኮሪን ብቻ ናት።

«ኮሪን፣ ዞር በይ! ዞር በይለት!» ፕሩዊት ከዳር ጮኸ።

የትኛዋ በረኛ ዞር ትላለች? አጥቂ ብቻውን ሲመጣባት ኖራለች። አልሸሸችም፤ ወጣችና መንገዱን አጠበበችበት፣ ወደ ሜዳው ዳር ገፋችው፣ ከዚያ እግሩ ሥር ተወረወረች። ልጁ ተገለባበጠ። ሰዓቱም አለቀ፤ የኮሪን ቡድን አሸነፈ። ቦ እንደ ጆንያ ተሸከማት፤ አባቷ አጥሩን ሊዘል ሲል ሱሪው ሽቦው ላይ ተይዞ እዚያው ቀረ።

በማግስቱ ያ ሯጭ እያነከሰ ከእናቱ ጋር ወደ ቋሊማ ቤቱ ገባ። ኮሪን ሽርጥ ለብሳ ከሚዛኑ ኋላ ቆማ ነበር።

«አንቺ ነሽ አይደል? ማን ነው እንዲህ አድርጎ መጣል ያስተማረሽ?»

«ማንም። በረኛ ነኝ።»

እናቱ ሳቋ አመለጣት። «እስቲ አንድ ቋሊማ ጨምሪለት፣ ልጄ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ነው ያደረው።»

ኮሪን በኋላ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ ኮሌጅ የገባችው በዚያችው ሞላላ ኳስ ነው። በበጋ ስትመለስ ግን እሁድ እሁድ ከከተማው ሴቶች ጋር በረኛ ሆና ትጫወታለች፤ ፕሩዊትም ሊያያት ይመጣል፣ መኪናውን ቤቱ አቁሞ በእግሩ።